ሳልታሰር የተጾመልኝ ጾም

ባለፈው ሳምንት ከአየር ጤና ወደ ቀራንዮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ትክ ብላ አየችኝና፣ "አንቺ ያቺ ከዓረብ አገር ያስፈታንሽ ልጅ አይደለሽም?" አለችኝ። ያስፈታንሽ ነው ያለችው። ከተመለስኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ዛሬም ይህን ስሰማ ቆሽቴ ያርራል። አልታሰርኩም ነበር። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም አልመታኝም፣ ፓስፖርቴንም ማንም አልቀማኝም። እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ነፃ ሆኜ አላውቅም። ይህን ለሴትየዋ ልነግራት አፌን ስከፍት ረዳቱ "መጨረሻ ነው" ብሎ በሩን ሳበው፤ እሷም "ጌታ ይባርክሽ" ብላኝ ወረደች።

በአፍ ስናገረው የሚሰማኝ ስላጣሁ ነው የምጽፈው።

በእኛ ሠፈር ሰው ከአገር የሚወጣው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ቤተሰቡን ሊለውጥ፣ ወይ ጠፍቶ ሊቀር። አገር ለማየት ብቻ የሚሄደው ፈረንጅ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው ማየት ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከአልጋዬ በላይ የዓለም ካርታ ለጥፌ ነበር፤ እናቴ ግድግዳው ስለተላጠ የሸፈንኩት መስሏት መርቃኛለች። አንድ ቀን ካርታው ላይ በጣቴ እያሳየሁ እዚህ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወደዚህ እሻገራለሁ ስላት፣ ምን ልትሠሪ አለችኝ። ለማየት አልኳት። ዟሪ ሴት ቤት አትሠራም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስለ እናቴ ድካም ክፉ አልናገርም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ያሳደገችን ዘነበወርቅ ባለው ሆስፒታል የሕሙማን አንሶላ እያጠበች ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ስትሠራ የዓመት እረፍቷን አንድም ጊዜ ለራሷ ወስዳ አታውቅም፤ ወይ ለቅሶ፣ ወይ ሠርግ፣ ወይ የቤተክርስቲያን ጉባኤ ይበላዋል። እረፍት ማለት ለእሷ ለሌላ ሰው የሚውል ቀን ነው። ይህ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ቢገባኝም የምሰማ አልነበርኩም።

ኮሌጅ ገብቼ የሆቴል ሥራ ተማርኩና ዱባይ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ተቀጠርኩ። የሰው ቤት አይደለም፤ ሆቴል ነው፤ ፈረቃ አለው፣ ውል አለው፣ እረፍት አለው። ይህን ልዩነት ለሠፈሩ ማስረዳት አልቻልኩም። ለእነሱ ዓረብ አገር ማለት የሰው ቤት ነው፤ የሰው ቤት ማለት ደግሞ ከእኛ ሦስት በር አለፍ ብላ የምትኖረው ልጅ ናት። እሷ ከቤይሩት የተመለሰችው በተሽከርካሪ ወንበር ሲሆን እስካሁን ሰው ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ይህን ስለማውቅ እነሱን ደህና አድርጎ መስደብ እንኳ አልሆነልኝም።

ነገሩን መጀመሪያ የለኮሰችው አንዲት የፈረንሳይ ልጅ ናት። ለልምምድ መጥታ ሪሴፕሽን የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚያንስ ልጅ። አንድ ቀን የሠራተኞች ምግብ ቤት አጠገቤ ተቀምጣ፣ ከዚህ በፊት አውስትራሊያ አንድ ዓመት ቆይታ እንደመጣች ነገረችኝ። ወርኪንግ ሆሊደይ የሚሉት ቪዛ አለ አለች። ወጣት ከሆንሽ አገሩ ገብተሽ ጥቂት ወር ትሠሪያለሽ፣ በሠራሽው ትዞሪያለሽ፣ ሲያልቅብሽ እንደገና ትሠሪያለሽ። እሷ ወይን ለቅማለች፣ ካፌ ሰሃን አጥባለች፣ ከዚያ ከጓደኞቿ ጋር አሮጌ መኪና ይዛ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አይታዋለች። መሥራትና መዞር አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ መንግሥት ማኅተም የሚያሳርፍበት ነገር መሆኑን ስሰማ ሹካዬ እጄ ላይ ቀረ። እናቴ የምትሰድበኝበትን ነገር እነሱ ቪዛ ይሰጡበታል።

የዚያን ቀን ከፈረቃ እንደወጣሁ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ፈለግሁት። የሚፈቀድላቸው አገሮች ዝርዝር አለ። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ኢትዮጵያ የለችም። ኒውዚላንድን አየሁ፣ ካናዳን አየሁ፤ እዚያም የለችም። ብግን አልኩ። ወይን መልቀም የማልችል ሆኜ ነው? ሰሃን ማጠብ የማልችል ሆኜ ነው? በቀን የስንቱን ክፍል አንሶላ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጥፌ ነው የምውለው። የእኛ ሰው ለመሥራት ከመጣ ሠርቶ ብቻ ይሂድ፣ መዞር ለሌላው ነው ብሎ የወሰነ ሰው አንድ ቦታ ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። በማግስቱ ለፈረንሳይዋ ስነግራት ያሳዝናል አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። በእሷ አልፈርድም፤ ያን ዝርዝር የጻፈውን ሰው ባገኘው ግን የምለው ነበረኝ።

ዘዴውን ያመጣችው ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈው ኔፓላዊት ናት። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው ሁለቱን ጫፍ ይዞ፣ ተራርቆ፣ ተቀራርቦ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት እየተያየን ነው የምንውለው፤ የማንነጋገረው ነገር የለም። የእሷም ፓስፖርት እንደ እኔው የትም አያስገባም። ግን አንድ ነገር ታውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ የዱባይ የመኖሪያ ካርድ የያዘ ሰው ጆርጂያ ያለ ቪዛ ይገባ ነበር፤ የአሜሪካዋ አይደለችም፣ ከቱርክ በላይ ያለችው ተራራማ አገር። ኤርፖርት ላይ ካርድሽን ታሳያለሽ፣ ታልፊያለሽ አለችኝ። ፓስፖርቴ የማይከፍተውን በር የልብስ አጣቢነቴ ካርድ ይከፍተዋል። አብረን ልንሄድ ተነጋገርን። አሥራ ሁለት ቀን፣ ተራራ፣ በረዶ። አዲስ አበባ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠውን በረዶ አይደለም የምለው፤ መሬት ላይ ወድቆ የሚቆየውን፣ የሚረገጠውን ነው።

ሆቴሉ የዓመት እረፍታችንን ለሁለት ከፍሎ ነበር የሚሰጠን። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ደረሰኝ፤ ሁለተኛው ውሌ ሲያልቅ፣ ከአራት ወር በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ለራሴ፣ ሁለተኛውን ለእናቴ ብዬ ቆረጥኩ። ውሉ ይታደስ አይታደስ አይታወቅም፤ ካልታደሰ ካርዱም አብሮት ያበቃል። ያን በረዶ የማየው አሁን ካልሆነ መቼም እንደማይሆን አውቅ ነበር። ቅጽ ሞላሁ፣ ፈረሙልኝ፣ ትኬት ቆረጥኩ።

ለእናቴ እውነቱን መንገር ነበረብኝ። ደውላ እረፍትሽ ደረሰ ወይ፣ መቼ ነው የምትመጪው ስትለኝ፣ ከለከሉኝ አልኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይህን ነው። አስቤበት አይደለም፤ ቃሏ አምልጣኝ ወጣች። በረዶ ላይ ልሄድ ነው ብላት የምትለኝን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሳላይሽ፣ አባትሽ ሳይኖር፣ ወደ እኛ ያልመጣ እግር በረዶ ሊረግጥ ሄደ ትለኛለች። ያን መስማት ስላልፈለግሁ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ልመልሳት አልቻልኩም። እናቴ እሺ ጌታ ያውቃል ብላ ዘጋችው። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ወፍራም ኮት ፍለጋ ወጣሁ።

እኛ ቤተክርስቲያን የጸሎት ርዕስ የሚባል ነገር አለ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ እያንዳንዷ የከበዳትን ትናገራለች፣ ሌሎቹ ተቀብለው ይጸልዩላታል። የታመመ ልጅ፣ የጠፋ ባል፣ የዘገየ ሥራ። ነገሩ ክፉ አይደለም፤ እኔም በዚያ ጸሎት ነው ያደግኩት። ችግሩ ርዕሱ ከባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ እየሰፋ መሄዱ ነው። አንዷ በጸሎት የጨመረችውን ሌላዋ እንደ ዜና ይዛው ትሄዳለች። እናቴ ልጄን እረፍት ከለከሏት ብላ ተናገረች። የምታስተባብረው እህት ስትጸልይ ጌታ ሆይ የያዟትን እጆች ፍታ አለች። ከጎኗ የነበረችው ለካ ይዘዋታል ብላ ለባሏ ነገረች። እሑድ ሲደርስ ፓስፖርቴ ተነጥቋል። በሚቀጥለው ረቡዕ ክፍል ተቆልፎብኛል። ማንም ውሸት አልተናገረም፤ ሁሉም ጸልዮ ነው እዚያ ያደረሰኝ።

ከዚያ የሦስት ቀን ጾም ታወጀልኝ። ውሃም የማይቀመስበት ጾም ነው። ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ሳይቀሩ ዱዓ አድርገውልኛል፤ የእናንተ ልጅ የእኛም ናት ብለው። ስኳር ያለባቸው አንድ ሽማግሌ እምቢ ብለው ጾመው በሁለተኛው ቀን ወድቀዋል። እኔ በዚያው ሦስት ቀን ሞል ውስጥ የበረዶ ጫማ እየለካሁ ነበር።

ወንድሜ ብዙም የጸሎት ሰው አይደለም። አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ የሚያንኳኳ ነገር ከሰማ ፈትቶ ሳያይ አያድርም። የጾሙ ማብቂያ ቀን፣ እኔ ፈረቃ ላይ እያለሁ፣ በቪዲዮ ደወለ። እኛ ሥራ ቦታ ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ እኔ ግን ኪሴ ደብቄ ነበር። አላነሳሁም። ደግሞ ደወለ። አምስት ጊዜ ሲደጋግም ሰው ሞተ ብዬ ማድረቂያው ጀርባ ተወሸቅኩና ከፈትኩት።

እሱ ያየውን ልንገራችሁ። ላውንደሪው ያለው ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ነጭ ነው፣ እንፋሎቱ ሁሌም አለ። እኔ ፀጉሬ በመረብ ታስሮ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ ግድግዳና ማሽን መሀል ቁጢጥ ብያለሁ። በሹክሹክታ ማን ሞተ አልኩት። የት ነው ያለሽው አለኝ። ምድር ቤት አልኩት። ወጥተሽ ደጁን አሳዪኝ አለኝ። አልችልም፣ ያዩኛል አልኩት። ይህን እያልኩ ሱፐርቫይዘሩ ከበሩ በኩል ሲጣራ ሰማሁና ስልኩን ዘጋሁት፤ ፈረቃዬ እስኪያልቅም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ማታ መልሼ ስደውልለት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው አልኩት። እሺ እሺ፣ ገባኝ አለኝ፤ ለታማሚ በሚናገሩበት ድምፅ ነው የተናገረው። እዚያ ላይ እውነቱን ብነግረው ያልቅ ነበር። አልነገርኩትም። ለበረራዬ የቀረኝ አምስት ቀን ነበር፤ አምስት ቀን ውሸቴን መጠበቅ ቀላል መሰለኝ። ሞኝ ነበርኩ። ጋራዣቸው መኪናውን የሚያሠራ አንድ ሰውዬ ነበር፣ የሰውዬው ዘመድ ደግሞ ዱባይ ውስጥ የእኛን ሰው ጉዳይ የሚያይ ሰው ያውቃል። ወንድሜ ሥራውን ጥሎ ሁለት ቀን ከሰው ሰው ሲሮጥ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ከዚያ ሰው ዘንድ ወደ ሆቴሉ ስልክ ተደወለ፤ አንዲት ኢትዮጵያዊት ምድር ቤት ውስጥ ተይዛ እረፍት ተከልክላለች ተባለ።

የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋ አስጠራችኝ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት፤ የምትፈራውም ለዚህ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ወረቀት አስቀምጣ ነበር። አንዱ በስልክ የመጣው አቤቱታ፣ ሌላው እኔ ሞልቼ እነሱ የፈረሙበት የእረፍት ቅጽ። የትኛው ነው እውነቱ አለችኝ። ሁለተኛው አልኳት። ታዲያ የመጀመሪያውን ማን ተናገረው አለች። እናቴን እንደዋሸኋት፣ ሴቶቹ እንደጸለዩልኝ፣ ወንድሜ ማድረቂያውን እንዳየ ነገርኳት። ሲነገር እንዴት እንደሚያሳፍር አልነግራችሁም። አልሳቀችም። ሆቴሉ ስሙ ከምድር ቤትና ከቁልፍ ጋር እንዲነሳ አይፈልግም፤ ቤተሰብሽ በአካል ካላየሽ ይህ ነገር አይዘጋም፤ ስለዚህ ውልሽን እዚሁ እንዝጋውና ወደ አገርሽ ግቢ አለችኝ። መደበኛ ነገር እንደምትነግረኝ ሁሉ እስክሪብቶዋን አቀበለችኝ።

ለመንኳት። አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ስጪኝ፣ ከዚያ ያልሽኝን አደርጋለሁ አልኳት። ውሉ ሲዘጋ ካርዱም ይሰረዛል፣ በተሰረዘ ካርድ የትም አትገቢም አለችኝ። ፈረምኩ፤ ፊርማዬ እንኳ የእኔ አይመስልም ነበር። በማን እንደተናደድኩ ራሴም አላውቅም። በእሷ፣ በወንድሜ፣ በዚያች አስተባባሪ እህት፣ በፈረንሳይዋ ሳይቀር። ኮቱንና ጫማውን ለኔፓላዊቷ ሰጠኋት፤ የእግራችን ቁጥር አንድ ነበር። ከሳምንት በኋላ ፎቶ ላከችልኝ፣ ጫማዬን አድርጋ በረዶ ላይ ቆማ እየሳቀች። ጫማዬ በረዶ አይቷል።

ቦሌ ስደርስ ሃያ የሚሆን ሰው አበባ ይዞ ቆሟል። እልልታው ተጓዡን ሁሉ አዞረው። ወንድሜ ሻንጣዬን ሳይቀበል መጀመሪያ ሁለቱን እጆቼን ይዞ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበው፤ የታሰርኩበትን ምልክት ነበር የሚፈልገው። ምንም ሲያጣ አለቀሰ። የማላውቃቸው ሴቶች አቅፈው ትከሻዬ ላይ አነቡ። እናቴ ብቻ አላለቀሰችም። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳመችኝ፣ ከዚያ ለታክሲው ተነሡ አለች። መንገዱን ሙሉ መዝሙር ነበር፤ እኔ መስኮቱን ይዤ ጥርሴን ነክሼ ነው ቀራንዮ የደረስኩት።

እሑድ ለምስክርነት ተጠራሁ። አዳራሻችን ቆርቆሮ ነው፤ ሰው ከሞላ ይታፈናል፣ ያን ቀን ደግሞ የቆመም ነበር። አስተባባሪዋ እህት ማይኩን ሰጥታኝ ጌታ ያደረገልሽን ንገሪን አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብዬ አሜን ልበልና ይለፍ ብዬ ለራሴ ስነግረው ነበር። ግን ያን ሁሉ የረካ ፊት ሳየው አልቻልኩም። ማንም አልያዘኝም አልኩ። እረፍት ተፈቅዶልኝ ነበር፤ ወደ እናቴ መምጣት ስላልፈለግሁ ከለከሉኝ ብዬ ዋሸሁ፤ ከጓደኛዬ ጋር ሌላ አገር ሄጄ በረዶ ላይ ልዞር ነበር፤ በእናንተ ምክንያት ከሥራዬ ተባረርኩ አልኩ። ከፊት የተቀመጠ ሕፃን ሲስል ይሰማ ነበር።

አስተባባሪዋ ማይኩን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወሰደችው። "ቅዱሳን፣ ሰማችሁ?" አለች። "እኛ እዚያ ካለችበት እንድትወጣ ብቻ ነበር የጸለይንላት። ጠላት ደግሞ ከዚያም አርቆ ወደማናውቀው አገር ሊወስዳት ነበር። ጌታ ካላየነው ነገር ነው ያስጣላት።" አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የተናገርኳት እያንዳንዷ እውነት ለእነሱ ተጨማሪ ምስክርነት ሆነች። ሠራተኛ ሰው በራሱ ፈቃድ፣ ለራሱ ዓይን ብሎ፣ አንድ ቦታ ሊሄድ ይችላል የሚለው ነገር የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ሽማግሌው ተደግፈው መጥተው እጄን ያዙና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ዓይኔ እያየ መጣሽ አሉኝ። በእሳቸው ላይ ምን ይባላል? ይመስገን አልኳቸው።

ቤት ገብተን እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ፣ የያዝኩትን ሁሉ ለቀቅኩባት። ሕዝብ ፊት ቆሜ እውነቱን ተናግሬ እንኳ የሚያምነኝ እንዳጣሁ፣ ሥራዬን ያጣሁት፣ በሠፈሩ መሳቂያ የሆንኩት፣ ሁሉም በእሷ ረቡዕ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳት። ጮኼያለሁ። ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"እንደዋሸሽኝ አውቄያለሁ" አለች።

"ዛሬ ነው?"

"ከለከሉኝ ያልሽኝ ቀን። ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው።"

ካወቅሽ ለምን አስጾምሻቸው አልኳት፤ ይህን ሁሉ ሰው፣ ያን የታመመ ሽማግሌ።

"ጹሙ አላልኩም። ከለከሏት ነው ያልኩት። መቼ ነው ልጅሽ የምትመጣው እያሉ በየሳምንቱ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? ልጄ እረፍት አግኝታ እኔን ማየት አልፈለገችም ልበል?" አንዱን ጫማ እንደያዘች ነበር። "ሦስቱንም ቀን እህል አልቀመስኩም። እነሱ ጾመው ነው። እኔ ተናድጄ ነው።"

እንደዚህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። እናቴ ስትናደድ ድስት ታጥባለች፣ ግቢ ትጠርጋለች፣ ተናድጃለሁ ግን አትልም። በረዶውን ልነግራት ሞከርኩ። አንቺን ጠልቼ አይደለም፣ ከአራት ወር በኋላ እመጣ ነበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ማንም ያላዘዘኝን ነገር ማየት ፈልጌ ነው አልኳት። እንደምትቆጣኝ ስለማውቅ ነው የዋሸሁት አልኳት።

ጫማዋን አልጋው ሥር አስገባችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ብትነግሪኝ ምን አደርግሽ ነበር? ዱባይ መጥቼ እጅሽን ልይዝ ነው? እሰድብሽ ነበር። ተሰድበሽ ትሄጂ ነበር።"

ከዚያ ተነሥታ ምሳ ልታሞቅ ገባች። ያን ዝርዝር የጻፈውን ሰው ሦስት ዓመት ረግሜዋለሁ፤ ኃላፊዋን፣ አስተባባሪዋን፣ ወንድሜን ረግሜያለሁ፤ ዛሬም እረግማቸዋለሁ። እናቴ ግን እውነቷን ነበር። በረዶውን ያጣሁት ከእሷ አንዲት ስድብ ፈርቼ ነው።